የሳሙኤል መርዶ

ይህ ነገር መጻፍ ይገባዋል ወይስ አይገባውም እያልኩ ከራሴ ጋር ስከራከር ሰነበትኩ። ምክንያቱም ምንም አልሆነም። መጋዘን ተቃጥሏል፤ የተቃጠለው ግን መጽሐፍ ውስጥ ነው። ሰው ሞቷል፤ እሱም የሞተው መጽሐፍ ውስጥ ነው። ከመጽሐፉ ውጭ የሆነ ነገር ቢኖር አንድ ማለዳ የሰፈራችን ሰው ነጠላውን አዘቅዝቆ ግቢያችንን መሙላቱና፣ ከላላ ያሉ አንድ ጤነኛ ገበሬ “ለመሆኑ በሕይወት አሉ?” ተብለው በስልክ መጠየቃቸው ብቻ ነው። ለወግ ይበቃ እንደሆነ እናንተ ፍረዱ።

እኔ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ነኝ። ለኮሌጅ ትምህርት ከደጎሎ ወደ መካነ ሰላም ስመጣ አንድ ሻንጣና አንድ ጠባይ ይዤ መጣሁ። ጠባዬ ሰው እንዳይከፋው መጣር ነው። መምህር አንድ ገጽ ጻፉ ካለ ሦስት ገጽ እጽፋለሁ። “ጥያቄ ያለው?” ብሎ ክፍሉ ዝም ሲል፣ ጥያቄ ባይኖረኝም ለመምህሩ አዝኜ እጄን አወጣለሁ። ከዚያ በኋላ ነው የምጠይቀውን የማስበው።

ሚያዝያ ላይ የሥነ ጽሑፍ መምህራችን አንድ ወፍራም የፎቶ ኮፒ ጥራዝ ሰጠን። የውጭ አገር ልቦለድ ነው። አንድ ልጅ እንዴት አድጎ ሰው እንደሚሆን ይተርካል፤ የሚያድገውም በዘር ምክንያት የሚፈጸም ግፍ እያየ ነው። “የልቦለዱን ምልክቶችና አሳዛኝ ፍጻሜውን ትተነትናላችሁ” አለ መምህሩ። “አስቀድማችሁ ግን ታሪኩን ላላነበበ ሰው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ንገሩ። አድማጩ የት ላይ እንደጠየቀ፣ የት ላይ እንደተቆጣ ጻፉ።”

ጓደኞቼ እርስ በርሳቸው ተነጋግረው በአንድ ከሰዓት ጨረሱት። እኔ “ላላነበበ ሰው” የምትለዋን ቃል አክብጄ ያዝኳት። ጭራሽ ማንበብ የማይችል ሰው ባገኝ መምህሩ የበለጠ ደስ ይለዋል ብዬ አከራዬን እትዬ የሺን መረጥኩ።

እትዬ የሺ ስልሳን አለፍ ያሉ፣ ባላቸው የሞቱባቸው የከላላ ሰው ናቸው። እዚያ የቀረ አንድ ወንድም አላቸው። ወንድማቸው በጎቹን በሸለተ ቁጥር ጠጉሩን በጆንያ ይልክላቸዋል፤ እሳቸው ደግሞ እያፍታቱ፣ እየፈተሉ ያጠራቅማሉ። ሁለት ዓመት የፈተሉት ለአንድ ነገር ነው፤ ለራሳቸው አልጋ ባና፣ ወፍራም የበግ ጠጉር ብርድ ልብስ፣ ለማሠራት። ጉልበታቸውን ብርድ ይቆረጥማቸዋል። የመካነ ሰላምን ክረምት ያየ ሰው ባናው ቅንጦት እንዳልሆነ ይገባዋል። “የዘንድሮን ክረምት በባናዬ ነው የምቀበለው፣ ኢንሻ አላህ” ይላሉ ጉልበታቸውን እያሹ፤ ክርስቲያን ቢሆኑም አፋቸው የወሎ ነው።

ከሰዓት ከትምህርት ስመለስ ደጃፋቸው ላይ ፀሐይ ይሞቃሉ። እሳቸው እንዝርታቸውን ይዘው ቁርበት ላይ፣ እኔ ጥራዜን ይዤ ድንጋይ ላይ ሆነን ጀመርን።

“ሳሙኤል የሚባል ጉድጓድ ቆፋሪ ነበር” አልኩ።

“ሳሙኤል? የኛ ሰው ነዋ!”

“የኛ አይደለም እትዬ፤ ውጭ አገር ነው። ጥቁር ነው።”

“እኛስ ምንድን ነን?”

“ጥቁር።”

“ታዲያ የኛ ሰው ነው አላልኩህም? ቀጥል።”

ስለ ዘር መድልዎ ታሪክ ሦስት ገጽ ማስታወሻ አዘጋጅቼ ነበር። አጥፌ ኪሴ ከተትኩት።

“የከተማው ነጮች ይጠሉታል” አልኩ።

“ምን አድርጓቸው?”

“ምንም።”

“ድንበር ገፍቶባቸው ነው?”

“አይ፣ በቆዳው ነው።”

እንዝርቱ ቆመ። “በቆዳው? አጃኢብ ነው! ሰፍቶ ያለበሰው ፈጣሪ እያለ ከለበሰው ጋር ይጣላሉ?” አሉ። ይህን በደብተሬ አሰፈርኩ፤ ከሦስት ገጼ ይሻል ነበርና።

ቀጥሎ ወደ ዋናው ምልክት ደረስን። ከተማው መሃል ሳሙኤል በእጁ የቆፈረው የውኃ ጉድጓድ አለ። አፉ ላይ ሁለት ኩባያ ተሰቅሏል። አንደኛው ነጭ፣ የሚያብረቀርቅ፤ እሱ ለነጮች ነው። ሁለተኛው ዝገት የበላው ቆርቆሮ፤ እሱ ለጥቁሮች ነው። ሳሙኤል ራሱ ቆፍሮ ያወጣውን ውኃ የሚጠጣው በዛገው ነው። መምህራችን ክፍል ውስጥ ሦስት ቀን ያወራው ስለዚህ ኩባያ ስለነበር፣ ድምፄን እንደሱ ወፈር አድርጌ ገለጻ ሰጠሁ።

“እትዬ፣ ይህ ተራ ኩባያ እንዳይመስልዎት። ምልክት ነው። ደራሲው የአገሩን ግፍ በሙሉ እዚህ ኩባያ ላይ ሰቅሎታል።”

“ኩባያ ኩባያ ነው ልጄ። ውኃ ይጠጡበታል” አሉና ፈትላቸውን ቀጠሉ።

ደብተሬ ላይ “አድማጭ ምልክቱን አልተረዳችም” ብዬ ጻፍኩ። ከሥሩም አሰመርኩበት። ይህችን ዓረፍተ ነገር አስታውሱልኝ።

በሁለተኛው ሳምንት አድማጮቼ በዙ። ጎረቤታችን እማማ ትጓደድ ምስሯን በሰፌድ ይዛ እየለቀመች መስማት ጀመረች፤ ሌሎችም እሷን ተከትለው መጡ። መጋዘኑ የተቃጠለው በዚያ ሳምንት ነው። እሳቱን የለኮሰው የባለመጋዘኑ የወንድም ልጅ ነው፤ የታሰረው ሳሙኤል ነው። ያየ ሰው አንድ ብቻ፣ ታሪኩን የሚተርከው የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ።

“ይናገራላ!” አለች እማማ ትጓደድ።

“አባቱን ፈርቶ አልጋው ሥር ተደበቀ።”

“ምን ያለው ፈሪ ነው! እዚህ ቢሆን ጆሮውን ይዤ አስለፈልፈው ነበር።”

ልክ እዚህ ላይ የፈተና ሳምንት ደረሰብኝና ትረካውን አቆምኩ። ሳሙኤልን እስር ቤት፣ ልጁን ደግሞ አልጋው ሥር ትቼ ወደ ጥናቴ ገባሁ። ትልቁ ጥፋቴ ይህ ነው። ሰውን ንጹሕ እስረኛ ይዞ እንዲያድር ማድረግ ምን እንደሚያስከትል አላሰብኩም።

እሑድ ቤተ ክርስቲያን ቄሱ ለታሰሩ ሰዎች ሲጸልዩ እትዬ የሺ ከሴቶች በኩል ዞር ብለው አዩኝና አንገታቸውን ነቀነቁ። ምን ማለታቸው እንደሆነ አልገባኝም። ሰኞ ከፈተና ስወጣ ደጃፍ ላይ ጠበቁኝ።

“ልጄ፣ ተስያለሁ” አሉ።

“ምን ተሳሉ?”

“ለቅዱስ ሚካኤል። ሳሙኤልን ካስፈታህልኝ ባናዬን አሠርቼ፣ በሰኔ ንግሥህ አምጥቼ ከደጅህ አነጥፋለሁ አልኩት። ሴቶቹም አብረውኝ እየጸለዩ ነው።”

መጽሐፉን ከጨረስኩ አምስት ቀን ሆኖኝ ነበር። ሳሙኤል አይፈታም። እስር ቤት በትኩሳት ይሞታል፤ ሐሙስ ቀን። ልጁ ፍርሃቱን አሸንፎ ያየውን ሊናገር የሚሄደው ዓርብ ነው። “የሚያድን እውነት አለ፤ ግን በአንድ ቀን ዘግይቶ ይደርሳል። አሳዛኝ ፍጻሜ ማለት ይህ ነው” ብሎ ነበር መምህሩ። እኔም በቀይ እስክሪብቶ ጽፌዋለሁ።

እትዬ የሺ ዓይን ዓይኔን ያያሉ። ሁለት ዓመት የፈተሉት ድውር በጆንያ ታጭቆ ግድግዳው ሥር ቆሟል።

“ተፈታ” አልኩ።

እልልታው እስከ መናኸሪያው ሳይሰማ አልቀረም።

ይህን ስል ባናውን ከአልጋቸው ላይ እንደገፈፍኩ እንኳ አልታወቀኝም። የታወቀኝ በማግሥቱ ሸማኔው ሲጠራ ነው።

ሸማኔው አያ ይመር ይባላሉ። መካነ ሰላም ላይ እንደሳቸው የበግ ጠጉር የሚሠራ የለም። ሰፈሩ ግን “ባለ እጅ ነው” ይላቸዋል። የሠሩትን ጋቢ ለብሶ ቤተ ክርስቲያን ይሄዳል፤ እሳቸው በጠጡበት አይጠጣም። እኛ ግቢ ሲመጡ የሚጠጡባት አንዲት የቲማቲም ጣሳ አለች፤ ከጓሮ በኩል ምስማር ላይ ተሰቅላለች። ይህን ማንም አስረድቶኝ አያውቅም። ማስረዳትም አያስፈልግም፤ ደጎሎ እኛም ቤት እንዲህ ያለ ምስማር አለ።

አያ ይመር ድውሩን በጣታቸው እየፈተኑ፣ እትዬ የሺ የሳሙኤልን መፈታት ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አወሩላቸው፤ እንዲያውም ከኔ አሳምረው። ከዚያ ወደ ጓዳ ገቡ፤ እኔን ውኃ እንድሰጥ አዘዙኝ። ሄድኩ፤ ጣሳዋን ከምስማሩ አወረድኩ፤ ቀድቼ ሰጠሁ። ሦስት ሳምንት ሙሉ ስለ ኩባያ የተነተንኩ ሰው ነኝ። ምንም አልታየኝም።

አያ ይመር ጠጡና ጣሳዋን በእጃቸው አገላበጧት።

“ያ ሰውዬ በየትኛው ነበር የሚጠጣው?” አሉኝ።

“በዛገው” አልኩ። ቃሉ ከአፌ ወጥቶ ሳያበቃ እጃቸው ላይ ያለችውን አየሁ።

“ተፈታ ነው ያልከው?”

“አዎ፣ ተፈታ።”

“እኔ ፊደል አልቆጠርኩም። ግን ሁለት ኩባያ የሰቀለ አገር እንዲያ ያለውን ሰው አይፈታም።” ወደ ጓዳው ዘወር ብለው አዩና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። “ሞቷል አይደል?”

አንገቴን ደፋሁ።

“ባናውን እሠራለሁ፤ ሥራዬ ነው። በውሸት ግን አይነጠፍም። እስከ ሰኔ ሚካኤል ንገራት። አንተ ካልነገርካት እኔ እነግራታለሁ፤ እኔን ደግሞ አታምነኝም።” ጣሳዋን ራሳቸው ወስደው ምስማሩ ላይ ሰቀሏት።

ልነግራቸው ሞክሬያለሁ። አንድ ቀን ስጀምር ጾም ገባ፤ በጾም ልብ አይሰበርም ብዬ ተውኩት። ሌላ ቀን በቃል ያቃተኝን በደብዳቤ ልሞክር ብዬ ሁለት ገጽ ጻፍኩና በራቸው ሥር አሾለኩት። ማንበብ እንደማይችሉ ትዝ ያለኝ ደብዳቤውን ይዘው “ምን ይላል? አንብብልኝ” ብለው ሲመጡ ነው። የእናቴ ሰላምታ አድርጌ አነበብኩት። እናቴ ለጉልበትዎ በጣም ታስባለች አልኳቸው። አለቀሱ።

ሰኔ ሲገባ የጨነቀኝን ለክፍል ጓደኛዬ ለሀብታሙ ነገርኩት። ሀብታሙ ማሻ አገር ያሉ ቄስ ልጅ ነው፤ ራሱም ዲያቆን ነው።

“ጥፋትህ ምን መሰለህ” አለኝ። “ሞት እኮ እንደ ወሬ አይነገርም። ሥርዓት አለው። በማለዳ፣ ሰብሰብ ተብሎ፣ ሰውየው ሳይዘጋጅ ነው መርዶ የሚነገረው። አባቴ መርዶ ሲያረዳ ስንቴ አይቻለሁ። ለኔ ተወው።”

ሐሳቡ ብስለት ያለው መሰለኝ። ሰኔ ፲ ቀን ጎህ ሲቀድ ሀብታሙ፣ እኔና ሁለት የክፍል ልጆች ጋቢ ተከናንበን፣ አንገታችንን ደፍተን እትዬ የሺ በር ላይ ቆምን። በሩ ተከፈተ። ሀብታሙ እንደ አባቱ ጉሮሮውን ጠረገ።

“እትዬ የሺ፣ ያለ ነው፤ እግዚአብሔር ያጽናዎት…”

“ወንድሜን!” ብለው መሬት ላይ ወደቁ።

ከዚያ በኋላ ሀብታሙ የተናገረውን ማንም አልሰማም፤ እኔም አልሰማሁም። እማማ ትጓደድ ባዶ እግሯን ደረሰች። ጎረቤቱ ከነአጥሩ የመጣ ይመስል ግቢው ሞላ። ነጠላ ተዘቀዘቀ፤ ደረት ተመታ። አንዱ “መቼ ነው? ምን አግኝቶት?” ይላል፤ ሌላው “ትናንትና ገበያ አየሁት ያለኝ ሰው ነበር” ይላል። በመጨረሻ አንድ አስተዋይ ሰው ከላላ ደወለ፤ ስልኩንም ሁሉ እንዲሰማ ከፈተው።

“ሃሎ? ማነው በጧት?” አለ የሟች ድምፅ።

ደረት የሚመታው እጅ ሁሉ አየር ላይ ቀረ።

“ለመሆኑ… በሕይወት አሉ?” አለ ደዋዩ።

“እኔ? በሬ እየጠመድኩ ነው! ማን ነው ሞተ ያላችሁ?”

ሁሉም ወደ ሀብታሙ ዞረ። ሀብታሙ ወደ እኔ ዞረ። እኔ የምዞርበት ሰው አልነበረኝም።

“የሞተው ሳሙኤል ነው” አልኩ።

“የቱ ሳሙኤል?” አለ ስልኩ።

“የመጽሐፉ።”

“መጽሐፍ ላይ ለሞተ ሰው ነው ጫማ እንኳ ሳላደርግ የሮጥኩት?” አለች እማማ ትጓደድ። አንድ ሰው ከኋላ ሳቀ፤ ሌላው ዝም አሰኘው። እትዬ የሺ ከመሬት ተነሡ። አልሳቁም፤ አልተቆጡምም። አቧራቸውን አራገፉና ፊቴ ቆሙ።

“ተፈታ ብለኸኝ ነበር።”

“ዋሽቼ ነው።”

“ለምን?”

“እንዳይከፋዎት ብዬ።”

“መቼ ሞተ?”

“ሐሙስ። እስር ቤት። ልጁ ሊናገር የመጣው ዓርብ ነው።”

“ማን ቀበረው?”

“እስረኞች ናቸው። ከከተማው የመጣ ሰው የለም።”

እትዬ የሺ ግቢውን የሞላውን ሰው፣ የተዘቀዘቀውን ነጠላ ሁሉ አንድ በአንድ አዩት።

“እናንተማ መጥታችኋል” አሉ። “ተቀመጡ እንግዲህ።”

ተቀመጡ። ምን እንደሚባል የሚያውቅ ሰው አልነበረም፤ ግን የመጣ ሰው ተቀመጥ ሲባል ይቀመጣል። እኔ ቆሎ አዞርኩ። ልጆች ነበሩት ወይ ብለው ጠየቁኝ፤ ሁለት ሴት ልጆች ነበሩት አልኩ። እማማ ትጓደድ ከንፈሯን መጠጠች። ደብተሬ ኪሴ ውስጥ ነበር፤ አላወጣሁትም።

በዚህ መሃል አያ ይመር የተጠናቀቀውን ባና ትከሻቸው ላይ አድርገው መጡ፤ እንደ ልማዳቸው አጥሩ በር ላይ ቆሙ። ነገሩን ለማወቅ አልጠየቁም።

“ይመር” አሏቸው እትዬ የሺ፣ “ሚካኤል አልሰማኝም ማለት ነው?”

“ሰምቶሻል። የዘገየው ልጁ ነው።”

ሁሉም የመጽሐፉን ልጅ ያሰበ ይመስለኛል። አያ ይመር ግን የሚያዩት እኔን ነበር።

“ግባ፣ አረፍ በል። ውኃ ስጠው” አሉ እትዬ የሺ። ተነሣሁ። እግሬ ሳላዘው ወደ ጓሮው ወሰደኝ፤ ጣሳዋን ያዝኳት። ያዝኳትና ቀረሁ። ለማውረድም ለመተውም አቃተኝ። ስዞር እትዬ የሺ ያዩኛል፤ ግቢው ሁሉ ደግሞ እሳቸውን ያያል።

“እሱን ተወው” አሉ በመጨረሻ። “ከመደርደሪያው አምጣ።”

አያ ይመር በብርጭቆ ጠጡ። እማማ ትጓደድ ባናውን ስትመረምር ቆየች።

ሰዉ ከሄደ በኋላ እትዬ የሺ ብርጭቆውን አጠቡት። ደግመው አጠቡት። ለሦስተኛ ጊዜ ሳሙናውን ሲያነሡ እኔን አዩኝ።

“ምን ታፈጥብኛለህ? ኩባያ ነው!” አሉና ሳሙናውን አስቀምጠው ብርጭቆውን ከሌሎቹ መሃል ደረደሩት።

የሰኔ ሚካኤል ዕለት ስለ ስለቱ ቄሱን ጠየቋቸው፤ ሰውየው ካልተፈታ ስለቱ አልያዘም፣ ባናው የራስሽ ነው አሏቸው። አሁን የሚተኙት እሱን ለብሰው ነው። ጣሳዋ ለዶሮዎቹ ውኃ ማጠጫ ሆናለች። እኔም ጽሑፌን ከማስገባቴ በፊት “አድማጭ ምልክቱን አልተረዳችም” የምትለዋን ሰርዤ “ተራኪው ምልክቱን አልተረዳም” ብዬ ጻፍኩ። መምህሩ በጎኗ የጥያቄ ምልክት አደረገባት። እንዳስረዳው እጄን ማውጣት ነበረብኝ፤ ያን ቀን ግን አላወጣሁም፤ አንድ ያልጨረስኩት ነገር ነበረኝ።

ትምህርት ሲዘጋ ደጎሎ ገባሁ። እናቴን ሰላም አልኩ፤ ሻንጣዬን አስቀመጥኩ፤ ወደ ጓሮ ዞርኩ። የኛዋ ጣሳ የዘይት ጣሳ ናት።

“ምን ልትሠራባት ነው? ሸክላ ሠሪዋ ስትመጣ የምትጠጣባት እኮ ናት” አለችኝ እናቴ።

“አውቃለሁ” አልኩ። ነገ እነግራታለሁ ልል ነበር፤ መንገድ ደክሞኛል፣ እሷም ገና በደስታዋ ላይ ናት። ሐሙስና ዓርብ ትዝ አለኝ። እዚያው ቆሜ፣ ጣሳዋን እንደያዝኩ፣ ከሳሙኤል ጀምሬ እስከ አያ ይመር ነገርኳት። ሰምታ ስትጨርስ ጣሳዋንም ምስማሩንም አየች። ከፍቷታል፤ ፊቷ ያስታውቃል፤ እኔም ይህን ፊት ለማየት ስፈራ ነው የኖርኩት።

“ጣሳዋን ውሰዳት” አለች በመጨረሻ። “ምስማሩን ግን እንዳትነቅለው፤ ወንፊት እሰቅልበታለሁ።”

ሐሙስ፣ ሐምሌ ፫ ቀን ነበር።